ብረት አዳማጩ ጋሽ ከድር

ጋሽ ከድር ማረፋቸውን የሰማሁት ጎባ ገበያ፣ ባቄላ ስገዛ ነው። የነገረኝ ከጎሮ እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ነበር። «የሮቤው መካኒክ ትናንት ዐረፉ» አለኝ፣ እንደማውቃቸው ሳያውቅ። ቀብራቸው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። እስላም ሬሳ አያሳድርም፣ ትናንትናውኑ ከአሥር ሰዓት በፊት ተቀብረዋል አለኝ። ባቄላውን ከነስልቻው ነጋዴዋ ፊት ትቼ ወደ ሮቤ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈርኩ።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከደሎ መና የመጣ አለ፣ ከጊኒር የመጣ አለ፤ መኪና ነድቶ የማያውቅ ገበሬ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ወሬው አንድ ነው፤ የሰርጉ ቀን። ከሚያወሩት አብዛኞቹ በቦታው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሆኖም ጋሽ ከድርን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ሌላ ቀን ነው፤ ያንን ደግሞ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያነሣው ሰው አልነበረም። ሁለቱንም ላውራ፤ ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

አያቴ ወደ ባሌ የመጣው አገሩን ከያዘው ጦር ጋር ነው። ጎባ ስትቆረቆር መሬትና ገባር ተሰጠው፤ እኛ የልጅ ልጆቹ የተወለድነው በዚያ መሬት ላይ ነው። የጋሽ ከድር አያት ጦሩ ሲደርስ ብዙ ከብት የነበራቸው ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ በገዛ መሬታቸው ላይ ገባር ሆኑ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ከድር ናቸው፤ ሞተር እየፈቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ የሩቅ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው።  ሲጨርሱም «ያቺን መፍቻ አቀብለኝ» ብቻ አሉኝ።

ጣሊያን ሲገባ ወጣት ነበሩ። መጀመሪያ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ አሸከሟቸው፤ ኋላ ጎባ የነበረው የጣሊያኖች ጋራዥ የመኪና ዕቃ እንዲያጥቡ ወሰዳቸው። ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከሚያጥቡት ብረት ሥራውን ቀሰሙት። ጣሊያን ሲወጣ የተሰባበሩ ካሚዮኖቹን በየመንገዱ ጥሎ ሄደ። መኪናዎቹ ቀሩ፣ የሚያውቃቸው ሰው ግን ጠፋ። ጋሽ ከድር ያኔ ወደ ሮቤ ወረዱና ጋራዣቸውን ከፈቱ። ሮቤ ከተማ ለመባል ገና ነበረች። ገበያዋ ነበር፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፤ የቀረው መሬት ቤት መሥሪያ ለተመሩ ሰዎች ችካል የተተከለበት ሣር ነበር። ጋራዥ የምንለውም በአንድ ትልቅ ጥድ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በላዩ አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ነው። መኪናው ከጉድጓዱ በላይ ይቆማል፣ እሳቸው ከሥሩ ይገባሉ።

መለዋወጫ በዚያን ጊዜ ባሌ ውስጥ አይሸጥም። መኪናው የተሰበረበት ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣና «ግጠሙልኝ» ይላል። ሌላው መካኒክ የመጣለትን ይገጥማል፤ ቢሰበር የገዛው ሰው ዕዳ ነው። ጋሽ ከድር እንደዚያ አይሠሩም ነበር። መጀመሪያ ባለቤቱን አስቀምጠው ከየት እንደገዛው፣ ሻጩ ምን እንዳለው ይጠይቁታል። ከዚያ ዕቃውን በእጃቸው ይመዝኑታል። ዘንግ ከሆነ በገመድ ከምሰሶው ላይ ያንጠለጥሉና በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ መታ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ደህና ብረት ሲመታ ድምፁ እየቀጠነ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም ተበይዶ ቀለም የተቀባ ከሆነ እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ድብ ብሎ ይቀራል። ጋሽ ከድር ሰምተው ሲያበቁ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራሉ፤ «ሕያው ነው» ወይም «ሞቷል»። ሞቷል ያሉትን አይገጥሙም። ብዙ ሰው ተቆጥቶ ሄዷል፤ ተቆጥቶ ከሄደው አብዛኛው ግን ሌላ ዕቃ ገዝቶ ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ።

እኔ በዚያን ጊዜ የግራዝማች ወንድይራድ ሾፌር ነበርኩ። ግራዝማች የጎባ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ከአያቴ ጋር በአንድ ጦር የመጡ፣ እሳቸውም ሰፊ መሬት ያላቸው። የጋሽ ከድር ሽማግሌ አባት የሚያርሱት የእሳቸውን መሬት ነበር። ግራዝማች አንድ የጣሊያን ካሚዮን ነበራቸው። የኋላ እግሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ እኛ ሴሚያስ የምንለው፣ ሮቤ መግቢያ ላይ ተሰብሮ ሦስት ወር ቆመ። የልጃቸው ሰርግ ሲቃረብ ግራዝማች ራሳቸው አዲስ አበባ ሄደው ሴሚያስ ገዝተው መጡ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ካሚዮኑን በበሬ አስጎትተን ጉድጓዱ ላይ አቆምነው።

ጋሽ ከድር ዘንጉን ሰቀሉት፤ መቱት። እኔ እንኳ ሰማሁት፤ ድብ ብሎ ቀረ። እንደገና መቱት።

«ሞቷል፣ ግራዝማች» አሉ።

ግራዝማች ሳቁ። ከትልቅ ሱቅ በገዛ ዓይናቸው አይተው እንደገዙት፣ ሰርጉም አራት ቀን ብቻ እንደቀረው ነገሯቸው። ጋሽ ከድር በትዕግሥት አስረዷቸው፤ ዘንጉ ከዚህ በፊት ተሰብሮ የተበየደ ነው፣ በሜዳ ባዶውን ሊሄድ ይችላል፣ ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ይሰበራል። ግራዝማች መሳቁን ተዉት።

«የገዛሁትን ግጠም አልኩህ እንጂ መርምርልኝ አልኩህ?»

«የገዙት እርስዎ ነዎት። የሚገጥመው እጅ ግን የእኔ ነው።»

ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የጋሽ ከድር አባት እንደደከሙ፣ በማን መሬት ላይ እንደሚኖሩም ማስታወስ ጥሩ እንደሆነ ተናገሩ። እዚያ የነበርን ሁሉ መሬት መሬት አየን። ጋሽ ከድር ጨርቅ አንሥተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። ከዚያ ያሉትን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አስታውሰዋለሁ።

«አባቴን ከመሬቱ ማስነሣት ይችላሉ፤ ሥልጣኑ አለዎት። ይህን ብረት ግን ከሞት ማስነሣት አይችሉም።»

ለግራዝማች እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ጎባም ሮቤም አላየሁም ነበር።  ግራዝማች ከጎባ ሌላ መካኒክ በፈረስ አስመጥተው፣ ካሚዮኑን ከጉድጓዱ ላይ አስወጥተው፣ መንገድ ዳር አስገጠሙት። ሰውዬው ዘንጉን ሲያስገባ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም። እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እምቢ አልነዳም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ወር አልሞላትም ነበር፤ ይህን ለራሴ እየነገርኩ ዝም አልኩ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሮቤ ላይ ሰርገኛው ሲሳፈር ጋሽ ከድር መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው የገብስና የቅቤ ጭኮ የቋጠሩበት ከረጢት ይዘዋል፤ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ ስንቃቸው መሆኑ ነው። በሌላ እጃቸው ሁለት የእንጨት ታኮ፣ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የምናስገባውን፣ አንጠልጥለዋል። ከኋላ ጥግ ላይ ቦታ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ግራዝማች በበቅሎ ቀድመው ስለነበር የሚከለክል የለም። ብረቱን አልገጥምም ብለው ሲያበቁ ለምን እንደሚሳፈሩ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

«ብረቱን አልገጠምኩም ብዬ ሰዎቹን አላውቃቸውም ልበል፣ ኢልመ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ደግሞስ ሰርግ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ሙሽሪትን ለማምጣት ወደ አዳባ ነበር የምንሄደው። ሜዳውን በሰላም ጨረስነው። ወደ ዲንሾ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ከኋላዬ ጭፈራው ደምቋል፤ ከበሮው ጋቢናውን ያንቀጠቅጠዋል። በስተግራ ገደል ነው። ሁለተኛውን ጥምዝ ስንይዝ ከሥሬ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን መውጣቱን ተወ፤ ቆመ፤ ከዚያ ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። የእግር ፍሬኑን ረገጥኩት፣ ጭነቱን አልቻለውም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው በዚያው በተሰበረው ዘንግ በኩል ስለነበር ባዶውን መጣልኝ። ከበሮው ቆመ።

የሆነውን በመስታወት ያየሁት በከፊል ነው፤ የቀረውን የነገሩኝ ከላይ የነበሩት ናቸው። ጋሽ ከድር መኪናው እየሄደ ዘለው ወረዱ። የመጀመሪያውን ታኮ ከጎማው ሥር አስገቡት፤ ጎማው ተፋው፣ ገደል ገባ። ሁለተኛውን ሲያስገቡ ግን አልለቀቁትም። ጎማው ወጥቶበት እስኪነክሰው ድረስ በእጃቸው ይዘውት ቆዩ። መኪናው ቆመ። ወርጄ ስሄድ የኋላው ጎማ ከገደሉ አፍ አንድ ክንድ አይርቅም። ጋሽ ከድር ተንበርክከው ቀኝ እጃቸውን ከታኮው ሥር ያስለቅቃሉ፤ ሁለቱ ጣቶቻቸው አልነበሩም።

ያን ጊዜ እንኳ የሚያዝዙት እሳቸው ነበሩ። ማንም እንዳይዘል፣ አንድ በአንድ በገደሉ ተቃራኒ እንዲወርዱ፣ አሮጊቶች ቅድሚያ እንዲያገኙ በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገሩ። የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ ነው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው የተቀመጡት። ከጭኮው ቆንጥረው ለአንዲት ለምታለቅስ ልጅ ሰጧት።

ግራዝማች የጋሽ ከድርን አባት ከመሬቱ አላስነሡም። ለጋሽ ከድርም አንድ ሙክት ላኩላቸው። በአፋቸው ግን ስለዚያ ብረት እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጋሽ ከድርም ቢሆኑ አያወሩትም። ጣታቸው ምን እንደሆነ የጠየቃቸውን ሁሉ «ሰርግ ሄጄ በር ዘጋብኝ» ይሉት ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የሚወራው ይህ ነው። እውነት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሞት ሲመጣ ደፍሮ የሚዘል ሰው ሌላም አይቻለሁ። ያንን ሌላኛውን ቀን የመሰለ ግን ሁለተኛ አላየሁም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ግራዝማችን ትቼ ለአንድ የሮቤ እህል ነጋዴ መንዳት ጀመርኩ፤ በሄድኩበት ሁሉ መመለሻዬ የጋሽ ከድር ጋራዥ ነበር። ሮቤም ችካሏ ቤት ሆነ። የጋሽ ከድር ፀጉር ነጣ። ሲያወሩ ይጮኹ ጀመር፤ እኛ ስናወራ ደግሞ «ምን አልክ?» ይላሉ። የመዶሻ ድምፅ የለመደ ሰው እንዲህ ነው ብለን አለፍነው።

አንድ የመኸር ሰሞን ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የጎሮ ሴት መጡ። ባላቸው ሲሞት አንድ ካሚዮን ትቶላቸዋል፤ የአካባቢውን ገበሬ እህል የምታጓጉዘው ያቺ ካሚዮን ነበረች። ሴሚያሷ ተሰብሮ ቆማለች። ወይዘሮ አስካለ ስለ መኪና ዕቃ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ስባሪውን በነጠላ ጠቅልለው አዲስ አበባ ሄዱና ከሱቅ ሱቅ እያስተያዩ ልኩን ፈልገው ገዙ። ጋሽ ከድር ፊት ሲዘረጉት ድካሙ ከፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ደግሞ ኩራትም አለበት።

ጋሽ ከድር ሰቅለው መቱት። ብረቱ ዘመረ። አምስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር፤ ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጥዱ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ተከተልኩት። ጋሽ ከድር ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጠበቁ። እንደገና መቱት።

«ሞቷል» አሉ።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ የነበሩትን አየሁ፤ ጎማ የሚነፋው ሰውዬም ቀና ብሏል። እሱም እኔን አየ። ሁለታችንም ዝም አልን። ጋሽ ከድር ናቸው እኮ፤ እኔ ማን ነኝ? ወይዘሮ አስካለ እንደ ግራዝማች አልተቆጡም፤ እርግጠኛ መሆናቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁ። ጋሽ ከድር በርኅራኄ፣ በዚህ ብረት ላይ ሰው አላስቀምጥም እህቴ አሏቸው። ወይዘሮ አስካለም የሞተ ብረት ተሸክሜ የት እሄዳለሁ ብለው ዘንጉን እዚያው ጥለውት፣ ከገበያተኞች ጋር በእግራቸው ወደ ጎሮ ተመለሱ።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ጎሮ ደርሼ ስመለስ የምሰማው ሁሉ ያንገበግበኛል። የተወቃው እህል አውድማ ላይ ተከምሮ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ እንደመታው፣ ገበሬዎቹ ሌላ መኪና እንደፈለጉ፣ አንድ ነጋዴም ካሚዮኗን በቁራጭ ብረት ዋጋ ሊወስዳት ከወይዘሮ አስካለ ጋር እንደተስማማ ሰማሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋራዡ ገብቼ ከጋሽ ከድር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብዬ ቀስ አድርጌ ነገርኳቸው።

«ምን አልክ? ጮክ በል» አሉኝ።

እንደገና ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። በመጨረሻ መጮህ ነበረብኝ፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ እስኪያይ ድረስ ጮህኩ።

«የወይዘሮ አስካለ ብረት ዘምሯል! እኔ ሰምቼዋለሁ!»

ፊታቸውን ለማየት አፈርኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ተነሥተው ከስባሪው ክምር ውስጥ ዘንጉን አወጡና ሰቀሉት። መቱት፤ ዞረው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። መቱት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ለሦስተኛ ጊዜ መቱትና ያቺን ሁለት ጣት የጎደላትን መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። የዚያኑ ዕለት እንደሰማሁ ነገርኳቸው። «አሥራ አንድ ቀን» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንጉን እኔ ወስጄ ለወይዘሮ አስካለ ልስጥ፣ ደግመው ሲመረምሩት ደህና ሆኖ ተገኘ ልበል አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ስማቸውም አይጎድፍም። አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «ሞቷል ያልኩት በሰው ፊት ነው» አሉኝ። በነጋታው የጎሮ ገበያ ነበር። ዘንጉንና መፍቻቸውን መኪናዬ ላይ ጫኑ።

ወይዘሮ አስካለን ያገኘናቸው ገበያው አጠገብ፣ ከቆመችው ካሚዮናቸው ጋር ነው፤ ካሚዮኗን ሊወስድ የተስማማው ነጋዴም አብሯቸው ነበር። ጋሽ ከድር ሰላምታ ሰጥተው ዘንጉን ከመኪና አወረዱ። ከዚያ ገበያተኛው ወዳለበት ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እሳቸው ደግሞ ከፍ ካደረጉ ገበያው ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ «ሲቢሊ ሂን ዱኔ፤ ጉረ ኮቱ ዱኤ» አሉ።  ከዚያ ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞረው በአማርኛ ደገሙት።

«ብረቱ አልሞተም። የሞተው ጆሮዬ ነው። ያንቺን ደህና ብረት ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።»

አንድ ሰው ሳል አለ። ጋሽ ከድር ባርኔጣቸውን አውልቀው በዚያች እጃቸው ይዘው ቆመዋል። በአገሩ ሁሉ የታወቁበት ነገር ጆሯቸው ነበር፤ ከጊኒር፣ ከጎባ፣ ከአዳባ ሰው የሚመጣው ያንን ጆሮ ብሎ ነው። ስንት የጦር አለቃ ልጅ፣ ስንት ባለመሬት አውቃለሁ፤ ከነክብራቸው ቆመው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ክብራቸውን በገበያ መሐል እንዲህ ሲያስቀምጡት ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። 

 ወይዘሮ አስካለ የጠየቁት ማንም ሰው የሚጠይቀውን ነው።

«ታዲያ ጋሽ ከድር፣ አሁንስ በምን ልመንዎት?»

«አትመኚኝ» አሉ ጋሽ ከድር። «ራስሽ ምቺው።»

ዘንጉን እኔና አንድ ገበሬ በገመድ አንጠለጠልንላቸው። ወይዘሮ አስካለ መዶሻውን ተቀብለው መቱ። ድምፁ በገበያው ላይ ሄደ። ጥግ ላይ በግ የያዙ ሽማግሌ ሳይቀሩ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። ጋሽ ከድር ብረቱን አላዩም፤ የሚያዩት የሰዉን ፊት ነበር። ሁሉም መስማቱን ከፊቱ ሲያነቡ መሬት ላይ ተኝተው ከካሚዮኗ ሥር ገቡ።

ጉድጓድ ስለሌለ በጀርባቸው ተኝተው ነው የገጠሙት። ሲጨርሱ ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ውኃ አምጥተው አስታጠቧቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል እንደነበር ነገሯቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጋሽ ከድር እኔን ቢጠቁሙ እውነት ነበር፤ አልጠቆሙም፣ እጃቸውን መታጠብ ቀጠሉ። እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። ዝም ያለውስ እኔ ነኝ፣ የዚያን ዕለት ብረቱ ሲዘምር ሰምቼ ነበር አልኳቸው። ወይዘሮ አስካለ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«እንግዲያው ጆንያ ተሸከም» አሉኝ።

ከአውድማው እስከ ካሚዮኗ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተሸከምኩ። ነጋዴው ውሉ መቅረቱን ሰምቶ ቀድሞ ሄዷል። የዚያን ዓመት እህል ሮቤ የገባው በወይዘሮ አስካለ መኪና ነው።

ሥራቸው ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ቀዘቀዘ። ኋላ ግን ሰው ተመለሰ። ገዝቶ ላመጣ ሰው ሁሉ ጋሽ ከድር መዶሻውን ያቀብሉታል፤ «እኔ አልሰማም፣ አንተ ስማና ንገረኝ» ይሉታል። እሳቸው የሰውዬውን ፊት እያዩ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ገና አፉን ሳይከፍት ዘንጉን ይፈቱና ይመልሱለታል።

ተራው የእኔም ሆነ። አሮጌ ካሚዮን የራሴ አድርጌ ነበርና ሴሚያሱ ተሰበረ። አዲስ አበባ ሄጄ፣ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ አንድ ገዝቼ መጣሁ። ጋሽ ከድር ያን ጊዜ ፈጽሞ አይሰሙም። ሰቀሉልኝ፣ መዶሻውን ሰጡኝ። መታሁት። ድምፁ ጀመረና መሐል ላይ ተቆረጠ። ደግሜ መታሁት፤ ምናልባት ገመዱ ነክቶት ይሆናል ብዬ። እንደዚያው ነው። እሳቸው አይሰሙም፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ደህና ነው ብል ይገጥሙልኝ ነበር። ልቤ ደህና ነው፣ ደህና ነው ይላል። ቀና ስል ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው፤ አይጠረጥሩኝም፣ አያስፈራሩኝም፣ ይጠብቁኛል።

«ሞቷል» አልኩ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት ቀስ ብዬ።

ገመዱን ፈቱት። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ቤት ሂድ አሉኝ።

በማግስቱ ገንዘብ ተበድሬ ሌላ ብረት ፍለጋ ስነሣ መኪና የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ጋሽ ከድር ቆመው አገኘኋቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ከረጢታቸውን ይዘዋል። በዚያ ዕድሜያቸው ወዴት እንደሚሄዱ በእጅ ምልክት ጠየቅኋቸው።

«ካንተ ጋር» አሉ። «አንተ ብረቱን ምታ። እኔ የሻጩን ፊት አያለሁ።»

ደህናውን በሦስተኛው ሱቅ አገኘን።